ዕጣው እንደወጣ መቁጠር

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምገባበት ቢሮ ስለሌለኝ ወደ ጋፋት በሚወስደው የእግር መንገድ ብቻዬን እንሸራሸራለሁ። ጭጋጉ ከጉና ተራራ በኩል ወርዶ ማሳውን ሲሸፍነው የማን ገብስ የማን እንደሆነ አይለይም፤ ሰው ሲመጣም መጀመሪያ የሚደርሰኝ ድምፁ ነው፣ ፊቱን የማየው ቆይቼ ነው። በዚህ ሰዓት ሐሳቤ ይነጉዳል። የማስበው ግን የሆነውን ሳይሆን ያልሆነውን ነው። ያ በሽተኛ ያን መድኃኒት ባይወስድ ኖሮ፣ ያቺ እናት ያን ቀን ባትመጣ ኖሮ እያልኩ እሄዳለሁ። የዕድሜ ነገር ነው የሚሉኝ አሉ። የሥራ ነገር ነው እንጂ የዕድሜስ አይደለም። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታት ደመወዝ ይከፈለኝ የነበረው ያልሆነውን እንዳስብ ነበር።

ጎረቤቶቼ ሥራዬ ምን እንደነበር እስከ ዛሬ በቅጡ አልገባቸውም። «ሲስተር፣ መርፌ መውጋቱን ትተሽ ሰው ቆጣሪ ሆንሽ አሉ» እያሉ ይሥቁብኛል፤ እኔም አብሬ እሥቃለሁ። ነርስ ሆኜ ጀመርኩ፣ የጤና ጥናት ተቆጣጣሪ ሆኜ ጨረስኩ። ተቆጣጣሪ ማለት መረጃ የሚሰበስቡ ወጣቶችን ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር፣ እነሱ የጠየቁትን መልሶ የሚጠይቅ፣ ጫማው ቶሎ የሚያልቅ ሰው ነው። የምንጠይቀው ብዙ ቢመስልም ሥር መሠረቱ አንድ ነበር፤ ሰውየው የዳነው በዚህ ምክንያት ነው ወይስ እንዲያውም መዳኑ አይቀርም ነበር?

የመጀመሪያ ምድቤ ከሐሙሲት ወጣ ብላ ያለች አንዲት ጤና ጣቢያ ነበረች። የዚያ አካባቢ ገበሬ ለራስ ምታት ብሎ የእርሻ ቀኑን አያቃጥልም፤ ታሞ ይሰነብትና ገበያ ሲወጣ ጎራ ይላል። ኃላፊያችን ከትምህርት ቤት ገና የወጣ፣ ቁጥር የሚወድ ልጅ ነበር። ይህን አላወቀምና በሽታ የሚነሣው በገበያ ቀን መሆኑን ደረስኩበት ብሎ የገበያው አቧራ እንዲጠና ለወረዳ ጻፈ። ወረዳውም አላሳፈረውም፣ በክብር ፋይል ውስጥ አስገባለት።

በዚያው ጤና ጣቢያ ግን የማያሥቅ ነገርም ነበር። ያገሬው ሰው «እዚያ የገባ አይወጣም» ይለን ነበር። ውሸታቸውን አልነበረም፤ እኛ ዘንድ መጥቶ የሚሞተው ቤቱ ተኝቶ ከሚሞተው ይልቅ ብዙ ነበር። ሰው ሁሉን ሞክሮ፣ ሁሉም አልሆን ሲለው፣ በመጨረሻ በሽተኛውን በቃሬዛ ነበር ወደ እኛ የሚያመጣው። ጥፋቱ የእኛ እንዳልሆነ ልቤ ያውቀዋል፣ አፌ ግን የሚያስረዳበት ቃል አጣ። ስንት ዓመት ሙሉ ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ቆየ።

ቃሉን የሰጡኝ ዶክተር መርጋ ናቸው። ከወለጋ ለማስተማር መጥተው ደብረ ታቦር ላይ የቀሩ፣ በጤና ጥናት ስሌት የተመረቁ ሰው ነበሩ። ሐኪም አልነበሩም። ሰው እግሬን አመመኝ ብሎ ሲመጣባቸው «እኔ የማክመው ቁጥር ነው፣ እሱም አይድንልኝም» ይሉ ነበር። እኔ ያኔ ወደ ከተማው ተዛውሬ ነበር፤ እሳቸው የሚመሩት ጥናት ልምድ ያላት ነርስ ሲፈልግ ተወዳድሬ ገባሁ።

የዶክተርን ጠባይ ያልለመደ ሰው መከራውን ያያል። «ልጁ ያን ሽሮፕ ጠጥቶ ዳነ» ብዬ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጫፍ መጥረግ ይጀምራሉ። «ባይጠጣስ ኖሮ?» ይላሉ። መልስ እስክሰጥ ድረስ መነጽሩን አይመልሱትም። ካለ መነጽር ደግሞ ፊቴን አያዩትምና መጨነቄ አያሳዝናቸውም። በሪፖርት ላይ «አረጋገጥን» የሚል ቃል ካገኙ በቀይ እስክሪብቶ ሰርዘው «አየን» ብለው ይጽፉበታል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ተናዶ «ታዲያ መቼ ነው የምናረጋግጠው?» ቢላቸው «እሱን ለቄስ ተወው» አሉት።

ከሥራ በፊት በእግር መሄድ ይወዱ ነበር፤ አንዳንድ ቀን አብሬያቸው እወጣለሁ። መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። «ሲስተር፣ ሰው ሁለት መንገድ አይሄድም» ይላሉ። «አንዱን ሲሄድ ሌላው እዚያው ጭጋግ ውስጥ ይቀራል። በዚያኛው ቢሄድ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማየት አንችልም። ስለዚህ እሱን የሚመስል ሌላ ሰው ፈልገን በዚያ በኩል እንልካለን።» ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። እኔ እየሰማኋቸው የዚያኛውን መንገድ ሰዎች ጭጋጉ ውስጥ ሲሄዱ የማያቸው ይመስለኝ ነበር፤ ሳይሞቱ የሞቱት፣ ሳይድኑ የዳኑት፣ ሁሉም ወደ ገበያ እንደሚወርድ ሰው ዝም ብለው ሲሄዱ።

የጤና ጣቢያዬን ነገር ባጫወትኳቸው ጊዜ ሣቁ። «የእርስዎን በሽተኛ ቤቱ ከተኛው ጋር የሚያወዳድር ሰው፣ የከሳ በሬ ከወይፈን ጋር ጠምዶ ሞፈሩን የሚወቅስ ነው። መጀመሪያ እኩያ ይሁኑ።» በምን እኩያ ይሆናሉ ብላቸው «በዕጣ» አሉ። «ዕጣ ሀብታም አያውቅም፣ ዘመድ አያውቅም፣ የታመመውን ከደኅናው አይለይም። በዕጣ ለሁለት የተከፈለ ሰው ግራውና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው። ለአንዱ ወገን መድኃኒቱን ሰጥተን ለሌላው ብናቆይ፣ በኋላ የምናየው ልዩነት ከመድኃኒቱ የመጣ ነው።» ቀለል ያለ ነገር ነው አይደል? እኔም እንዲሁ መስሎኝ ነበር።

የጥናታችን ነገር የውሃ ማጣሪያ ነበር። ውስጡ የሸክላ ማሰሮ ያለው፣ ከሥሩ ቧንቧ የተበጀለት ባልዲ ነው። ከጉና ሥር ባለች አንዲት ቀበሌ ሰዉ የሚጠጣው ከብት ከሚጠጣበት ምንጭ ነበርና ክረምት ሲገባ ሕፃናቱን ተቅማጥ ይፈጃቸዋል። ማጣሪያው ይህን ያስቀር እንደሆነ ለማየት ሕፃን ያላቸው እናቶች ዕጣ እንዲያወጡ ተባለ። ግማሾቹ ዘንድሮ ያገኛሉ፣ የቀሩት የሚመጣው ዓመት።

ዕጣው የወጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውጭ ነው። የተጠቀለለ ወረቀት ከባርኔጣ ውስጥ እናቶቹ አንድ በአንድ አወጡ፤ ምልክት የወጣላት እልል አለች፣ ያልወጣላት «ለከርሞ ያድርሰን» አለች። የፕሮጀክቱ አስተባባሪ አቶ ደሳለኝ ዛፍ ሥር ቆመው ጮክ ብለው አስጠነቀቁ። ዕጣ መለወጥ ክልክል ነው፣ የለወጠ ማጣሪያው ይወሰድበታል አሉ። ሰዉ ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። በእኛ አገር ራስ መነቅነቅ ሰማሁ ማለት እንጂ እሺ ማለት አይደለም። ማጣሪያዎቹ የደረሱት ከሳምንት በኋላ ነበር፤ ምልክት ያለበትን ወረቀት ይዞ ለመጣ ሁሉ ሰጠን፣ የወሰደውንም ሰው ስም ያዝን።

ክረምቱ ከባድ ሆነ። ማንጠግቦሽ የምትባል እናት ልጇ አንተነህ ታሞባት እኔና የቀበሌዋ የጤና ሠራተኛ ተጠርተን ሄድን። ገና ድክ ድክ የሚል ልጅ ነበር። ወንዙ ሞልቶ አላሻግር ብሎን ዘግይተን ስንደርስ ዐይኑ ጎድጉዶ፣ ምላሱ ደርቆ አገኘነው። በማንኪያ በማንኪያ ለማጠጣት ሞከርን፣ ቃሬዛ ተጠራ፣ ግን መንገድ ላይ እጄ ላይ አለፈ። ብዙ ሰው እጄ ላይ ሞቷል፤ የዚያን ልጅ ክብደት ግን ክንዴ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል። ቤታቸው ማጣሪያ ከሌላቸው ወገን እንደሆነ ወረቀታችን ላይ ተጽፎ ነበር።

ዓመቱ ሊሞላ ሲል መረጃው ተሰብስቦ ተደመረ። ማጣሪያ ያላቸው ቤቶች ልጆችም ማጣሪያ ከሌላቸው እኩል ታመው ነበር። አቶ ደሳለኝ ሰኔ ሳይዘጋ ሪፖርቱን መላክ ይፈልጉ ነበር። «ዕቃው አይሠራም። ለከርሞ የመጡት ማጣሪያዎች እዚህ ከሚባክኑ ለሌላ ሥራ ይዛወሩ» አሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ችኩል ነበሩ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እኔ ግን በዓይኔ የሚመጣው እነዚያ «ለከርሞ ያድርሰን» ያሉት እናቶች ነበሩ። ሌላ ክረምት ደጃቸው ላይ ቆሟል፣ ማጣሪያው ደግሞ ከመጋዘን ወጥቶ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ነው።

ዶክተር መርጋ ሪፖርቱ ላይ አልፈርምም ብለው ወደ ኋላ ተመለሱ። ማጣሪያው ከመታደሉ በፊት ልጆቹ እንዴት እንደነበሩ የጠየቅንበትን ወረቀት አውጥተው ሲያዩ ዋሉ። ማታ ላይ ጠሩኝ። «ሲስተር፣ ይህ ዕጣ ዓይን አለው» አሉኝ። ማጣሪያ የወሰዱት ቤቶች ልጆች ማጣሪያው ሳይመጣ በፊትም የባሰባቸው፣ የከሱ፣ የሚያስመልሳቸው ነበሩ። ዕጣ በሽተኛ አይመርጥም። አንዳንድ ቤት እንዲህ ቢገጥም የዕድል ነው ይባላል፤ ከዳር እስከ ዳር ከሆነ ግን የሰው እጅ ገብቶበታል።

እኔ ያኔውኑ ገባኝ። እኔ ባደግሁበት አገር በዓል ሲደርስ ሰው ተሰባስቦ በሬ ያርዳል፣ ቅርጫ ነው። ሥጋው መደብ በመደብ ይከፈላል፤ ሁሉም ጠጠሩን ወይም እንጨቱን ይሰጣል፤ ፊቱን ያዞረ ሰው በየመደቡ ላይ ይጥለዋል። የደረሰህ ደረሰህ ነው፣ ማጉረምረም የለም። ነገር ግን ቤቱ አራስ ያለችበት ሰው አጥንት የበዛበት መደብ ከወጣበት፣ ጥሩ የወጣለት ጎረቤት ምንም ሳይል ይለውጥለታል። ይህ ማጭበርበር አይባልም። እንዲያውም ሳይለውጥ ዝም ብሎ ሥጋውን ይዞ የሄደ ሰው ነው የሚታማው። ዕጣውና ማጣሪያው መካከል በነበረችው ሳምንት ወረቀቶቹ ከደኅና ቤት ወደ ታማሚ ቤት ሲሄዱ ሰንብተዋል ማለት ነው።

«ይህን እያወቁ እንዴት አልነገሩኝም?» አሉ ዶክተር።

«ማጣሪያ ሥጋ መሆኑን በምን አውቄ!» አልኳቸው።

ሳይሥቁ ቀሩ። መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆዩና «ዝናቡን ዐቀድኩ፣ በዓሉን ዐቀድኩ፣ የመንገዱን ርቀት ዐቀድኩ» አሉ። «ደግነትን ረሳሁት።» በሥራ ዘመናቸው እንደዚያ ቀን አንገታቸውን ሲደፉ አይቻቸው አላውቅም።

መዳኛው አንድ ብቻ ነበር። እሑድ ዕለት ዕጣው በእርግጥ ለማን እንደወጣ ማወቅና እንደዚያው መልሶ መቁጠር። ዕጣው የወጣው በአደባባይ ነው፣ ሁሉም የሁሉን ያስታውሳል፤ ግን የለወጠ ይወሰድበታል ተብሎ ማን አፉን ይከፍታል? «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ትሉ የለ፣ ይምሩኝ» አሉኝና አብረን ወጣን።

የእድሩ ዳኛ አያ መኮንን እናቶቹን ሰበሰቡልን። ብጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ ካዱ። «ኧረ ማን ለውጦ! የወጣልን የወጣልን ነው።» «ዕጣ የእግዜር ነው፣ ማን ይነካዋል!» አያ መኮንንም ምድር ምድሩን እያዩ «ሲስተር፣ የኛ ሰው እንዲያ ያለ ነገር አያውቅም» አሉ፤ ከሁሉ ቀድሞ እንደሚያውቁ ግን ጺማቸውን አያያዛቸው ይናገር ነበር።

ያን ጊዜ ዶክተር ተነሡ። አማርኛቸው ወደ ወለጋ ያዘነብላል፣ ሴቶቹ አንዳንዱን ሲሰሙ ይሣሣቁ ነበር። «እኔ የመጣሁት ለመውሰድ አይደለም» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ ከማንም ቤት ማጣሪያ አይወጣም። የሚያወጣ ሰው ቢመጣ እኔ እዚህ መጥቼ ደጃፋችሁ ላይ እቀመጣለሁ። ግን እውነቱን ካልነገራችሁኝ፣ ማጣሪያው አይሠራም ተብሎ የከርሞው ይቀርባችኋል። እኔ ልረዳችሁ አልችልም፤ እናንተ ናችሁ የምትረዱኝ።»

ትርንጎ የምትባል እናት ሕፃን ልጇን ስመኝን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ከእሷ ኋላ ማንጠግቦሽ ብድግ አለች። የሐዘን ጥቁሯን ገና አልጣለችም።

«እኔ ለውጫለሁ» አለች። «ለኔ ነበር የወጣልኝ። ለትርንጎ ሰጠኋት። ስመኝ ያን ጊዜ ከስታ ከስታ ዓይኗ ብቻ ነበር የቀረ፤ የኔው ደኅና ነበረ። ከእንግዲህ ከኔ የሚወስዱት ነገር የላቸውም፣ እኔ ልናገር ብዬ ነው።»

ትርንጎ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም ወረቀቴን አስቀምጬ አለቀስኩ፤ ተቆጣጣሪ አያለቅስም ይባላል፣ ይበሉ። ከዚያ አንዷ «እኔም ለእህቴ ሰጥቻለሁ» አለች፣ ሌላዋም ቀጠለች፣ አያ መኮንን እንኳ «የምራቴን ያስለወጥኩ እኔው ነኝ» አሉ።

ከተማ ተመልሰን መቁጠር ስንጀምር ግን ከዶክተር ጋር ተጣላን። እሳቸው ሁሉንም ዕጣው እንደወጣ ይመልሱት አሉ። የማንጠግቦሽ ቤት ማጣሪያ ከደረሳቸው ጋር ይቆጠር፣ የትርንጎ ቤት ካልደረሳቸው ጋር። እንግዲህ ማጣሪያውን በዓይኑ ያላየው፣ ከምንጩ ሲጠጣ የሞተው አንተነህ ማጣሪያ ተሰጥቷቸው ከሞቱት መካከል ሊጻፍ ነው።

«ይህ ውሸት ነው! እጄ ላይ ነው የሞተ፣ እኔ አውቃለሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው።

«ያውቃሉ» አሉ ቀስ ብለው። «ግን በጠጡት ውሃ ከከፈልናቸው፣ የከሱትን በአንድ ወገን፣ ደኅኖቹን በሌላ ወገን ሰብስበን እያወዳደርን ነው፤ ያው የከሳው በሬ ነው። እኩያ ያደረጋቸው ዕጣው ብቻ ነው። ዕጣው ካስቀመጣቸው ቦታ ካነሣናቸው ምንም አናውቅም። በሠራነው ስሕተት ምክንያት የማጣሪያው ጥቅም ትንሽ መስሎ ይታያል እንጂ ያላደረገውን አደረገ አይባልም። ቢያንስ አንዋሽም።»

እሺ አልኩ። የአንተነህን ስም በማይገባው ረድፍ ውስጥ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ተደምሮ ሲያልቅ፣ እሱንም ጨምሮ፣ ያ ሁሉ መለዋወጥ አደብዝዞትም፣ ማጣሪያ የወጣላቸው ቤቶች ልጆች ከሌሎቹ ያነሰ ታመው ነበር። ልዩነቱ የሚያስጨፍር አልነበረም፤ ግን ነበረ፣ ከዕድልም በላይ ነበረ። ዶክተር ሪፖርቱ ላይ «አየን» ብለው ጻፉ። አቶ ደሳለኝ ደጋግመው አንብበው «እንግዲያ የከርሞው ይውጣ» አሉ፣ መኪናውንም ራሳቸው ፈለጉ። ከዚያች ቀበሌ አንድ ማጣሪያ አልተነካም።

የቀሩት ማጣሪያዎች የታደሉት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፤ ሰማዩ ከብዶ ጉና ከነአካቴው ጠፍቶ ነበር። ማንጠግቦሽ ሌላ የምታሳድገው ልጅ ነበራትና ከመጨረሻዎቹ አንዷ ሆና መጣች። ባልዲውን ሰጥቼ ቧንቧው እንዴት እንደሚታጠብ ካሳየኋት በኋላ አልሄድ አለች።

«እትዬ ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቂኝ፣ የኔ እናት።»

«ይኼ ዕቃ እንደሚሠራ አወቃችሁ አሉ።»

«አዎ፣ ይሠራል።»

«እንግዲያ ለትርንጎ ባልሰጣት ኖሮ፣ አንተነህ ይተርፍልኝ ነበር?»

አዎ ብላት ከልጇ ጋር እቀብራታለሁ። አይተርፍም ብላት እዋሻታለሁ።

«አላውቅም» አልኳት። «የብዙ ልጆች ነገር አንድ ላይ ሲታይ ይታወቃል። የአንድ ልጅ ግን አይታወቅም። እኔም አላውቅ፣ ዶክተርም አያውቁ። ደብቀንሽ እንዳይመስልሽ።»

ባልዲውን አገላበጠችው። ከአጥሩ ማዶ ስመኝ አንዲት ጫጩት እያባረረች ትወድቃለች፣ ትነሣለች፣ ደግሞ ታባርራለች።

«የስመኝንስ?» አለችኝ። «እሷስ ማጣሪያው ባይሰጣት ትሞት ነበር ወይ ቢባል፣ እሱንም አታውቁትም?»

«እሱንም አናውቀውም።»

ልጅቱን አየቻት። ለረጅም ጊዜ አየቻት።

«እሷንስ እኔ አውቃለሁ» አለች።

በምን አወቅሽ ብዬ እንድጠይቃት የተማርኩት ሁሉ ያዝዘኝ ነበር። አልጠየቅኳትም። ባልዲውን በነጠላዋ ጠምጥማ አዘለችው፣ ጫፉን ደረቷ ላይ ቋጠረችና ዝናቡ ሳይቀድማት ቁልቁል ወረደች።